አንድ ቁሌት፣ ሁለት ድስት፦ ቪጋንና ቬጀቴሪያን እንግዳ በአንድ ቀን ሲመጡባችሁ

ሀዋሳ ውስጥ እንግዳ የሚበዛበት ቤት ሁሉ በዚህ ነገር ይቸገራል። «ሥጋ አልበላም» የሚል ሰው ይመጣል፤ እኛም «ምንም ችግር የለም፣ የጾም አለ» ብለን እናቀርባለን። ከዚያ እንግዳው ሳህኑን ሳይነካው ይቀራል፣ ወይም ወጡ አርሮና ጎምዝዞ ሁሉም ሰው ውሃ ሲጠጣ ይውላል። ስህተቱ ሁለት ነው። አንደኛው ቪጋን፣ ቬጀቴሪያንና የጾም ምግብ አንድ ናቸው ብሎ ማሰብ ነው። ሁለተኛው ቅቤ ሲቀር በርበሬውን አብስሎ ማጣፈጥ አለመቻል ነው።

እኔ የመጀመሪያውን የተማርኩት አንድ ዓርብ ቀን ነው። የእህቴ ልጅ ቪጋን የሆነች የሥራ ባልደረባዋን ለምሳ ይዛ መጣች። ዓርብ ስለሆነ ቤቱ ጾም ነው ብዬ ሽሮ ሠራሁ፣ ከአሞራ ገደል የመጣ ቆሮሶ ጠበስኩ፣ ብርዝ በጠበጥኩ። ልጅቷ እንጀራና ቃሪያ ብቻ በልታ ተነሣች። ዓሣውም ብርዙም ለእሷ የማይሆኑ ነበሩ። ሽሮውን ደግሞ ያማሰልኩት ሐሙስ ዕለት ቅቤ በነካ ማማሰያ ነበር፤ ሽታውን እኔ አላስተዋልኩትም፣ እሷ ግን አስተዋለችው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው።

ደረጃ 1፦ ማን ምን እንደማይበላ አስቀድማችሁ ለዩ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

ቬጀቴሪያን ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ አይበላም። ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላልና ማር ግን አብዛኞቹ ይበላሉ። እንቁላል የማይበሉም ስላሉ ጠይቁ።

ቪጋን ከእንስሳ የመጣ ነገር በሙሉ አይበላም። ሥጋና ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ማር፣ ከአጥንትና ከቆዳ የሚወጣው ጄላቲንም ጭምር ነው።

የጾም ምግብ ለቪጋን በጣም የቀረበ ነው፤ ግን አንድ አይደለም። ልዩነቱ ዓሣና ማር ላይ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ከቤት ቤት ይለያያል፤ እዚህ ሐይቁ አጠገባችን ስለሆነ ደግሞ በጾም ቀን ዓሣ የሚያቀርብ ብዙ ነው። ማር፣ ብርዝና ጠጅ በጾም አይከለከሉም፤ ለቪጋን ግን አይሆኑም።

ስለዚህ «ጾም ይበላሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሦስት ነገር ለይታችሁ ጠይቁ፦ «ቅቤ ይበላሉ? እንቁላልስ? ማርስ?» ሦስቱንም «አልበላም» ካለ ቪጋን ነው ብላችሁ ሥሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በእነዚህ ሳምንታት ምግብ ቤት ገብታችሁ «ረቡዕ ነውና የጾም ይኖራል» ብላችሁ አትተማመኑ፤ ሽሮው ራሱ ቅቤ ሊኖረው ይችላል። ለቪጋን እንግዳ ቤት መሥራት የሚሻለው በተለይ ያን ጊዜ ነው።

ተደብቀው የሚገቡትን ደግሞ ከወዲሁ አስወግዱ፦

- በጠጅ የተለወሰ አዋዜ። ጠጅ ማር ነው። በውሃና በዘይት የተለወሰ ተጠቀሙ።
- የዶሮ ወይም የሥጋ ጣዕም ያለው የማጣፈጫ ኩብ። ይህኛው ለቬጀቴሪያንም አይሆንም።
- ቡርሳሜ። ቆጮው ራሱ ከእንሰት ስለሆነ ለቪጋን ይሆናል፤ ቡርሳሜ ግን በቅቤ የሚለወስ ነው።
- ላዩ በእንቁላል ወይም በወተት የተቀባ ዳቦ። እንጀራ ጤፍ፣ ውሃና እርሾ ስለሆነ አያሳስብም።
- ከሱፐርማርኬት የሚገዛ የፈረንጅ ቺዝ። ወተቱን ለማርጋት ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ነገር ሊገባበት ስለሚችል ጠንቃቃ ቬጀቴሪያን አይበላውም። የእኛ አይብ የሚሠራው አሬራ በእሳት ሞቆ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም።

ደረጃ 2፦ ግብዓቱንና ዕቃውን አዘጋጁ

ልኩ ለ8 ሰው ነው። አንድ ቁሌት እንሠራለን፤ ከዚያ ለሁለት እንከፍለዋለን። ትልቁ ድርሻ የቪጋን ምስር ወጥ፣ ትንሹ የቬጀቴሪያን እንቁላል ወጥ ይሆናል።

ለቁሌቱ፦
- ቀይ ሽንኩርት 1 ኪሎ ከሩብ፣ በጣም ደቅቆ የተከተፈ
- ዘይት 1 የሻይ ብርጭቆ ተኩል (ሩብ ሊትር ገደማ)
- የተቀመመ በርበሬ 6 የሾርባ ማንኪያ
- ነጭ ሽንኩርት 1 ራስ፣ ዝንጅብል አውራ ጣት የሚያህል፣ አብረው የተወቀጡ
- ጨው፣ ለብ ያለ ውሃ በጀበና ወይም በማንቆርቆሪያ

ለምስሩ፦ ምስር ክክ ግማሽ ኪሎ፣ መከለሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ።
ለእንቁላሉ፦ 6 እንቁላል፣ ንጥር ቅቤ 2 የሾርባ ማንኪያ።

ሽንኩርቱን በማሽን አታድቅቁት። ማሽን ውሃውን ያፈሰዋል፤ ሲቁላላም ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በቢላ ክተፉት። ብዙ መስሎ ይታያችኋል፤ አትቀንሱ። ቅቤ የሌለበት ወጥ ውፍረቱንና ጣፋጭነቱን የሚያገኘው ከሽንኩርቱ ነው።

ለቪጋኑ ወጥ ቅቤ ነክቶት የማያውቅ ማማሰያ ለዩ። የእንጨት ማማሰያ ቅቤ ይጠጣል፤ በሳሙና ቢታጠብም ሽታው አይለቅም። አዲስ ማማሰያ ግዙና እጀታው ላይ ክር እሰሩበት። ድስቱ ብረት ከሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለቴ ማጠብ ይበቃል፤ ሸክላ ድስት ከሆነ ግን ሌላ ተጠቀሙ።

ደረጃ 3፦ በርበሬውን ፈትኑ

ዛላውን ገዝታችሁ የምታስፈጩ ከሆነ እዚህ የሚገኘው በብዛት የሃላባና የማረቆ ነው። ዛላውን ስበሩና ውስጡን እዩ። ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ሻጋታ ካለበት ጣሉት። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ በመቁላላትም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም፤ ስለዚህ «እሳት ያየዋል» ብላችሁ አትለፉት።

የተፈጨ ከገዛችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በትኑ። ከሥር የተቀመጠውን በጣታችሁ እሹ። እንደ አሸዋ ከሻከራችሁ ባዕድ ነገር አለበት፤ ወጥ ውስጥ አታስገቡት።

ቀጥሎ የማቃጠል አቅሙን ለኩ። ቁንጥር በርበሬ በጥቂት ዘይት ለውሱና በእንጀራ ቅመሱ። ለለመደ ሰው ደስ የሚል ከሆነ ልኩ 6 ማንኪያ ነው። ዓይን የሚያስለቅስ ከሆነ 4 አድርጉና በምትኩ ሁለት የተላጠና የተፈጨ ቲማቲም ጨምሩ። ይህን ፈተና የዘለለ ሰው ነው ጠረጴዛ ላይ የሚደነግጠው።

ደረጃ 4፦ እጃችሁንና ዓይናችሁን ጠብቁ

የበርበሬና የቃሪያ ማቃጠል ከካፕሳይሲን ይመጣል። ካፕሳይሲን በዘይት ይሟሟል፣ በውሃ አይሟሟም። እጃችሁን ደጋግማችሁ በውሃ ብትታጠቡም የሚያቃጥላችሁ ለዚህ ነው።

1. ጓንት አድርጉ። ከሌለ እጃችሁን ቀድማችሁ ዘይት ተቀቡ።
2. ስትጨርሱ መጀመሪያ በዘይት እሹ፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ።
3. ሕፃን ከማንሳታችሁ፣ ዓይናችሁን ከመንካታችሁ በፊት ሁለተኛ ታጠቡ።
4. ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት። በንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ሳታቋርጡ እጠቡ። ካልተሻለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ዛላ በቤት ውስጥ አትቁሉ። ጢሱ ጤነኛውንም ያስላል፤ አስም ላለበት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ወደ ጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሉት።

ደረጃ 5፦ ቁሌቱን ሥሩ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አትቸኩሉ፤ ይህ ብቻውን አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

1. ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላሉ። ወፍራም ድስት መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱና ሽንኩርቱን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ጨምሩ። ጆሯችሁን ስጡት። መጀመሪያ ይንጫጫል፤ ውሃውን ሲያወጣ ድምፁ ይለዝባል፤ ውሃው ሲያልቅ ጫጫታው እንደገና ይመለሳል። ዘይት የሚገባው ያ ሁለተኛው ጫጫታ ሲሰማ ነው። 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ቀድማችሁ ዘይት ከጨመራችሁ ሽንኩርቱ ውሃውን እንደያዘ ይቀርና ወጡ ውስጥ ተለይቶ ይታያል።

2. ዘይቱን ጨምሩ። እሳቱን ቀንሱና ሽንኩርቱ ወርቃማ እስኪመስል 10 ደቂቃ አማስሉ። ጠርዙ መጥቆር ከጀመረ ግማሽ ስኒ ውሃ ጣል አድርጉበት።

3. ድስቱን ከእሳት አውርዱ። ይህችን አንድ ደቂቃ አትዝለሏት። ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ አንድ የቡና ስኒ ለብ ያለ ውሃ አፍስሱ፤ በርበሬውን ከዚያ በኋላ ጨምራችሁ አዋህዱ። ደረቅ በርበሬ የጋለ ዘይት ላይ ካረፈ በጥቂት ሰከንድ ያርራል፤ ያረረ በርበሬ ደግሞ አይመለስም። ቅቤ ባለበት ወጥ ምሬቱ ትንሽ ይሸፈናል፤ በዘይት ብቻ የተሠራ ወጥ ግን ምንም አይደብቅም።

4. በዝግታ አብስሉት። ትንሽ እሳት ላይ መልሱና 25 ደቂቃ አማስሉ። ወፍሮ ጧ ጧ ማለት ሲጀምር ግማሽ ስኒ ውሃ ጠብ አድርጉ፤ ሲመጠጥ እንደገና። ይህ ሰባት ስምንት ጊዜ ይደጋገማል። ውሃውን በአንድ ጊዜ ካፈሰሳችሁት በርበሬው ይቀቀላል፤ ጥሬ ጥሬ የሚል ወጥ የሚመጣው ከዚያ ነው።

5. ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን 10 ደቂቃ ሲቀረው ጨምሩ።

መብሰሉን የምታውቁት እንዲህ ነው። በማማሰያው የድስቱን ወለል በአንድ መስመር ጥረጉት። ቁሌቱ ወዲያው ተመልሶ ከዘጋው ገና ነው። መስመሩ ለአፍታ ክፍት ሆኖ ቀይ ዘይት ቀስ ብሎ ከሞላው ደርሷል። ቀለሙም ከደማቅ ቀይ ወደ ጠቆር ያለ ቀይ ይለወጣል፣ አፍንጫ የሚኮረኩረው የጥሬ በርበሬ ሽታም ይጠፋል።

*ከሥር ከያዘ፦* አትፋቁት። ላዩን ብቻ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና ቅመሱ። ካልመረረ ቀጥሉ። ከመረረ ጣሉትና እንደገና ጀምሩ። ምሬቱን በስኳር ለመሸፈን አትሞክሩ፤ ጣፋጭና መራራ የሆነ ወጥ ከሁለቱም የባሰ ነው።

*ጥሬ ጥሬ ካለ፦* ምስሩን አትጨምሩ። ሌላ 10 ደቂቃ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አብስሉ። ምስር ከገባ በኋላ በርበሬውን ማብሰል አይቻልም።

*ዘይቱ ካልተለየ፦* ወይ ውሃው በዝቷል፣ ወይ ዘይቱ አንሷል። መጀመሪያ ክዳኑን ከፍታችሁ 5 ደቂቃ አቆዩት፤ ካልሆነ ሁለት ማንኪያ ዘይት ጨምሩ።

ደረጃ 6፦ ለሁለት ክፈሉት

የቪጋኑን ቀድማችሁ ጨርሱ። ቅቤው ከማዕድ ቤቱ መደርደሪያ የሚወርደው የቪጋኑ ድስት ተከድኖ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስትሠሩ እጅ ይሳሳታል፤ አንድ ጭልፋ ከአንዱ ወደ ሌላው ከገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከቁሌቱ ሲሶውን በንጹሕ ጭልፋ ወደ ትንሽ ድስት ቀንሱና ከድናችሁ አስቀምጡ። ሁለት ሦስተኛው በትልቁ ድስት ይቆይ።

ምስር ወጥ (የቪጋን)። ምስሩን ልቀሙ፣ ውሃው እስኪጠራ እጠቡ፣ ቁሌቱ ላይ ጨምራችሁ ሁለት ደቂቃ አማስሉ። ከዚያ 1 ሊትር ተኩል የፈላ ውሃ ጨምሩ። ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሳችሁ ፍላቱ ይቋረጥና ክኩ ሳይፈርስ ይቀራል። ጨው መጨረሻ ላይ ይሁን። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቆላ ያለ ዘመዳችሁ «በ20 ደቂቃ ይበስላል» ቢላችሁ እዚህ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ጠብቁ። በየአምስት ደቂቃው ወለሉን አማስሉ፤ ምስር ሲወፍር ሳይታሰብ ይይዛል። ሲያበቃ መከለሻውን ነስንሱና ከእሳት አውርዳችሁ 10 ደቂቃ አሳርፉ።

*ከቀጠነ፦* ዱቄት አትበጥብጡበት። ጥቂት ምስር በጭልፋ ጀርባ ድስቱ ጠርዝ ላይ ፍጩና መልሱት።

እንቁላል ወጥ (የቬጀቴሪያን)። እንቁላሉን ለ13 ደቂቃ ቀቅሉ፣ ላጡ፣ በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ጫር ጫር አድርጉት፤ አለዚያ ቁሌቱ ላዩ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። የተቀነሰውን ቁሌት አሙቁ፣ ንጥር ቅቤውን ጨምሩ፣ እንቁላሉን አስገብታችሁ በትንሽ እሳት 10 ደቂቃ አገላብጡ። ይኸው ነው።

ደረጃ 7፦ ጎን ላይ የሚቀርቡት

ስንግ። ትላልቅ ቃሪያ ከጎኑ ሰንጥቁና ውስጡን ነጩን ስስ ክር በማንኪያ ጫፍ አውጡ። ብዙ ሰው ፍሬውን ብቻ አራግፎ ማቃጠሉ አልቀር ይለዋል፤ ካፕሳይሲኑ የሚበዛው ፍሬው በተያያዘበት በዚያ ነጭ ክር ነው። ለለመደ ሰው ግማሹን ተዉለት። በደቃቁ በተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በጨው፣ በሎሚና በዘይት ሙሉት። ከምግቡ ግማሽ ሰዓት በላይ አስቀድማችሁ አትሙሉት፤ ቲማቲሙ ውሃ ያወጣና ቃሪያው ይልፈሰፈሳል።

ዳጣ። ሩብ ኪሎ ቃሪያ፣ ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ አንድ እፍኝ እርጥብ በሶብላ፣ ጥቂት ጤና አዳም፣ ጨውና የአንድ ሎሚ ጭማቂ አብራችሁ ፍጩ። ሲያልቅ ሁለት ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ጤና አዳሙን አታብዙ፤ ሁለት ቅርንጫፍ ከበቂ በላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሆኖ ከፍሪጅ ውጭ ሲቆይ፣ ሽታውም መልኩም ሳይለወጥ ለሞት የሚያደርስ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። ዳጣ መደርደሪያ ላይ አታሳድሩ። ፍሪጅ ውስጥ አድርጉና በ4 ቀን ጨርሱት፤ የተረፈውን በትንንሽ ዕቃ በረዶ ቤት አስገቡ።

ደረጃ 8፦ ጠረጴዛ ላይ ካቃጠለ

ውሃ አትስጡ። ውሃ ካፕሳይሲኑን አያሟሟውም፤ አፍ ውስጥ ያዘዋውረዋል።

ለቬጀቴሪያን መፍትሔው ቅርብ ነው፤ አይብ ወይም እርጎ ከወጡ ጎን አስቀምጡ። በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞ ያወርደዋል።

ለቪጋን ይህ አይሆንም፤ ያለን ነገር ግን በቂ ነው። አንደኛው አቮካዶ ነው፤ ሲዳማ ውስጥ የማይገኝበት ገበያ የለም። ፍጩት፣ ጨውና ሎሚ ጨምራችሁ ከምስሩ አጠገብ አኑሩት፤ ስቡ ማቃጠሉን ያበርደዋል። ሁለተኛው ሱፍ ነው። ሱፉን ለአጭር ጊዜ ቀቅላችሁ አጥልሉት፣ ፍጩት፣ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እያሻችሁ በወንፊት አጥልሉ። ወተት የመሰለው ፈሳሽ በጨው ብቻ እንጀራ ፈትፍታችሁ ስታቀርቡት ቪጋኑ እንግዳ መጀመሪያ «ወተት ነው» ብሎ ይመለሳል። ከምን እንደተሠራ ሳህኑን ስታስቀምጡ ንገሩት።

ወጡ ራሱ ከልክ በላይ ካቃጠለ ለብቻው የተቀቀለ ተጨማሪ ምስር ወይም ተቆራርጦ የበሰለ ድንች ጨምሩበት። ውሃ ብቻ መጨመር ያቀጥነዋል፣ ማቃጠሉን ግን አያስተወውም።

እንግዳችሁ አንድ ቀን በልቶ የሚሄድ ሳይሆን አብሯችሁ የሚኖር ቪጋን ከሆነ አንድ ነገር አስታውሱት። ጾመኛ ሲፈስክ ሥጋና ወተት ያገኛል፤ ቪጋን ግን ዓመቱን ሙሉ አያገኝም። ቫይታሚን ቢ12 ከእህልና ከአትክልት አስተማማኝ በሆነ መጠን ስለማይገኝ በእንክብል ወይም በተጨመረበት ምግብ መውሰድ ይኖርበታል።

የተረፈውን ማስቀመጥ

ሁለቱን ወጥ በተለያየ ዕቃ ገልብጡ፣ ክዳኑ ላይ «ቅቤ አለው» «ቅቤ የለውም» ብላችሁ ጻፉ። በነጋታው ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ወፍራም ሆነው በዓይን አይለዩም። ምስሩ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል፤ ስታሞቁት ግማሽ ስኒ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ክር በታሰረበት ማማሰያም አማስሉት።